"ፈሪ" ያልናት ካፒቴን፦ አዳማ ላይ አንድ የሳይፋይ ግሩፕ በአንድ ካርድ ሊፈርስ የነበረበት ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ይሄን ጉዳይ ለመጻፍ ብዙ አቅማምቻለሁ፣ ምክንያቱም የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው። ግን ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ሌላ ከተማ ተመሳሳይ የጨዋታ ግሩፕ ሊጀምር ነው ብሎ ምክር ሲጠይቀኝ በስልክ ሳወራው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ስለዚህ በቃ በጽሁፍ ይቀመጥ አልኩ። ሰዎቹን በስም አልጠራም፣ በስራቸው ወይ በጨዋታው ላይ በነበራቸው ቦታ ነው የምጠራቸው። ካፌዋንም አልጠራም፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው ካልኩ ይበቃል።

ግሩፑና ጨዋታው

ዘጠኝ ነበርን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን፣ ካፌዋ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ። አንድ የፋርማሲ ሰራተኛ፣ አንድ የጋራዥ መካኒክ፣ አንድ የሂሳብ መምህር (ሁላችንም "ቲቸር" ነው የምንለው፣ እድሜውም ከኛ ይበልጣል)፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ የባንክ ልጅ፣ አንድ ስራ ፈላጊ፣ እና እኔ። የጀመርነው ባትልስታር ጋላክቲካ የሚባለውን የሳይፋይ (የሳይንስ ልብወለድ) ተከታታይ ፊልም አብረን ለማየት ነበር፣ እሱም የሆነው እንዴት መሰላችሁ፣ የመርከቡ አዛዥ ስም አዳማ ነው! ዊልያም አዳማ። የከተማችንን ስም የያዘ የጠፈር አዛዥ አለ ሲባል ማን አይመጣም። የኛ አዳማ ስሙ የመጣው ከቁልቋል ኦሮምኛ ስም ነው ሲባል ነው የምንሰማው፣ የሰውየው ከየት እንደመጣ እነሱ ያውቃሉ፣ ለኛ ግን የሰፈር ልጅ ነው።

ከዛ ማየት ብቻ ሰለቸንና ጨዋታ ሰራን። አንድ ሰው ካፒቴን ይሆናል፣ ሌሎቹ መሃንዲስ፣ ሀኪም፣ የሻትል (የትንሿ ማመላለሻ መርከብ) አብራሪ ምናምን። ካርድ ይወጣል፣ ካርዱ ላይ ችግር አለ፣ የካርዱ ጀርባ ላይ ደግሞ ካፒቴኑ የማያውቀው እውነት አለ። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ነው፣ በስልክ ነው የምንቆጥረው። መርከቦቹ ቆርኪ ናቸው። የአምቦ ውሃ ቆርኪ የኛ፣ የሚሪንዳ ቆርኪ የጠላት። መርከባችን "ሶደሬ" ትባላለች። ካፒቴኑ የሚቀመጥበት ወንበር አንድ እጀታው የተሰበረ ፕላስቲክ ወንበር ነው፣ እሱ ላይ ለመቀመጥ ግን ወረፋ አለ።

ካርድ 14

ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሀሳቡን የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ላይ ካለው ኮባያሺ ማሩ ከሚባለው ፈተና ነው። እዛ ላይ አንድ የሲቪል መርከብ በተከለከለ ድንበር ውስጥ ተበላሽታ እርዳታ ትጠይቃለች፣ ለመርዳት ከገባህ ጠላት ይከብሃል፣ ካልገባህ ሰዎቹ ያልቃሉ። ማሸነፊያ የለውም፣ የሚፈተነው ጸባይህ ነው። ካፒቴን ኪርክ በሦስተኛው ሙከራው ያለፈው ኮምፒውተሩን ነካክቶ ነው፣ ማለትም ኮርጆ፣ ለዛውም ተሸለመበት።

የኔ ካርድ እንዲህ ይላል። ሶደሬ ላይ 412 ሰው አለ፣ ህጻናትም አሉበት። "ወንጂ" የምትባል ትንሽ መርከብ ሞተሯ ሞቷል፣ ውስጧ 38 ሰው አለ። ሻትል በአንድ ምልልስ 8 ሰው ያመጣል፣ አንድ ምልልስ 2 ዙር ይፈጃል። የሶደሬ ሞተር ለዝላይ፣ ማለትም በአንዴ ርቆ ለማምለጥ፣ ለመሞቅ 2 ዙር ይፈልጋል። ጠላት በ5ኛው፣ በ6ኛው ወይ በ7ኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ይደርሳል፣ ካፒቴኑ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ጠላት ሲደርስ ውጭ ያለ ሻትል ይጠፋል። የሶደሬ ጋሻ 2 ዙር ተኩስ ብቻ ይችላል። ሂሳቡን ለሚወድ ሰው፣ 38ቱን በሙሉ ለማምጣት 5 ምልልስ፣ 10 ዙር ያስፈልጋል። አይቻልም ማለት ነው። ስንቱን ይዘህ መቼ ትሄዳለህ ነው ጥያቄው።

ያን ቀን የሆነው

የዛን ቅዳሜ ካፒቴኗ የፋርማሲዋ ልጅ ነበረች። የሻትሉ አብራሪ መካኒኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ባትሪ ነው የተጫወትነው፣ ውጭ ደግሞ የአዳማ ንፋስ ቆርቆሮውን እያንኳኳ፣ እውነቴን ነው ጠፈር ላይ ያለን ነበር የሚመስለው።

ሁለት ምልልስ ተደረገ፣ 16 ሰው መጣ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ካፒቴኗ "ሞተር ይነሳ፣ በር ይዘጋ" አለች። መካኒኩ "አንድ ልሂድ፣ ሦስተኛውን ላምጣ" አለ። "በር ይዘጋ አልኩ" አለች። ሁለት ዙር ዝም ብለን ቁጭ አልን፣ ስልኩ ቁጥር ሲቆጥር እያየን፣ ወንጂ ላይ 22 ሰው ቀርቶ። በስድስተኛው ዙር መጨረሻ ዘለልን።

ካርዱ ተገለበጠ። ጀርባው ላይ 7 ይላል።

ማለት ጠላት የደረሰው በሰባተኛው ነው፣ ማለት በነዛ ዝም ብለን በተቀመጥንባቸው ሁለት ዙሮች ውስጥ ሦስተኛው ምልልስ ሄዶ ይመለስ ነበር፣ 8 ሰው። መካኒኩ ተነስቶ የወንጂን ቆርኪ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ፊቷ አስቀመጠና "ፈሪ" አላት። እንደ ቀልድ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ድምጽ መስጠት

እዚህ ጋ ነው እኔ ያጠፋሁት። ጭቅጭቁ ሲበዛ "እሺ ድምጽ እንስጥ" አልኩ። ፈርታ ነው ወይስ አስባ ነው የሸሸችው? ስድስት ሰው ፈርታ ነው አለ፣ ሁለት ሰው አስባ ነው አለ። እኔ ከስድስቱ ነበርኩ። ካርዱን የጻፍኩት ሰው፣ ሂሳቡን ሳልሰራ።

ማታውን አንዱ ተማሪ ፎቶዋን ስቲከር አድርጎ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቀው፣ ከስሩ "ፈሪ ለእናቱ" የሚል። ሰው ሳቀ፣ እኔም የሳቅ ምልክት አደረግኩ። በነጋታው ጠዋት ከግሩፑ ወጥታለች። በሳምንቱ ከሁለቱ ደጋፊዎቿ አንዷም ቀረች። ዘጠኝ የነበርነው ሰባት ሆንን፣ ሚገርመው ጨዋታውም ተበላሸ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ካፒቴን የሆነ ሁሉ የትኛውም ካርድ ላይ አይሸሽም። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሶደሬ ተቃጠለች። አንዱ እንደውም ጠላት በሌለበት ካርድ ላይ መርከቧን አጠፋት፣ እንዴት እንዳደረገው እስካሁን አልገባኝም።

የካፌዋ ባለቤት ነች መጀመሪያ የነካችን። ስቲከሩን አንዱ ሲያሳያት "ምን አጠፋች ታድያ?" አለች። ነገርናት። "እኔ ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሩቅ ነው ያለው" አለች፣ "ፈሪ ይሁንልኝ ብዬ ነው ስጸልይ የማድረው። ፈሪ ለእናቱ የተባለው ለኔ ነው፣ ለስድብ አይደለም።" ከዛ ሂሳብ ተቀብላን ሄደች። ተረቱን ስንት ዓመት ስንጠቀምበት ከእናትየው በኩል አስበንበት አናውቅም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ፊልም እያዩ መከራከር

ቲቸር "ካፒቴን መሸሽ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ከምንወዳቸው ካፒቴኖች እንየው" አለ። ጥሩ ሀሳብ ነበር፣ ግማሹ ሰራ።

የሰራው ክፍል የኛው አዳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የባትልስታር መነሻ ክፍል ላይ፣ ሳይሎን የሚባሉት ሮቦቶች ሰው የሚኖርባቸውን አስራ ሁለቱንም ዓለማት ካጠፉ በኋላ፣ አዛዥ አዳማ የሚፈልገው መዋጋት ነው። ጥይት ይዞ፣ ኃይል አሰባስቦ ሊመለስ ነው የሚያስበው። "ጦርነቱ አልቋል፣ ተሸንፈናል፣ እንሂድ" የምትለው ሎራ ሮዝሊን ነች፣ የትምህርት ሚኒስትር የነበረች፣ ከሷ በላይ ያሉት ሁሉ ስላለቁ ፕሬዚዳንት የሆነች ሴት። እሱ መጀመሪያ አልተቀበላትም። በኋላ ተቀበለ፣ 50 ሺህ የሚሆን ሰው ይዞ ሸሸ። ያ ሁሉ ሲዝን፣ ያ ሁሉ ጀግንነት የምንለው ነገር፣ በሽሽት ነው የሚጀምረው። እንደውም እሷ ከዛ በፊት የዝላይ ሞተር የሌላቸውን የሲቪል መርከቦች ትታ ለመሄድ ወስናለች፣ ሬዲዮው ላይ ሰዎቹ እየጮሁ። ይሄን ሲን ከዚህ በፊት ሁለቴ አይተነዋል፣ አንድም ሰው ሮዝሊንን ፈሪ ብሎ አያውቅም። ቲቸር "ለምን?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም።

ከዛ እዛው ባትልስታር ላይ ያለችው አድሚራል ኬይን መጣች፣ ፔጋሰስ የምትባል ሌላ የጦር መርከብ አዛዥ። እሷ አትሸሽም። ምክትሏ የማያዋጣ ጥቃት ላይ ትዕዛዟን እምቢ ሲል እዛው በሽጉጥ ገደለችው፣ ያገኘቻቸውን የሲቪል መርከቦች ደግሞ ሞተርና እቃቸውን ወስዳ ጥላቸው ሄደች። ወደ ጠላት ፊቷን አዙራ ማለት ነው። የባንኩ ልጅ እዚህ ጋ ያላት ነገር ጥሩ ነበረች፣ "ሁለቱም ሲቪል ጥለዋል፣ አንዷ ሌላ ሲቪል ለማዳን፣ አንዷ ጦርነቷን ለመቀጠል።" እኔ እስከዛሬ ከሰማኋቸው የሽሽት መለኪያዎች ይሄ ይሻለኛል፣ መርከቡ በየት በኩል ዞረ ሳይሆን ትተህ የሄድከውን ለማን ብለህ ተውከው።

ያልሰራው ክፍል ስታር ትሬክ ነው። ወዲያው የኪርክና የፒካርድ (የኋለኛው ስታር ትሬክ ካፒቴን) ቲፎዞ ጸብ ሆነ። አንዱ ወገን ፒካርድ ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ እጁን ሰጠ ይላል፣ እውነትም ሰጥቷል። ግን ያን ያደረገው ቤተሰቦች ያሉበትን የመርከቡን የላይኛውን ክፍል ነጥሎ ካሸሸ በኋላ ነው። የኪርክ መርከብ 430 ሰው ነው የሚይዘው፣ ሁሉም ወታደርና ሰራተኛ። የፒካርድ ከ1 ሺህ በላይ፣ ከነልጆቻቸው። ልጅ የጫነ ሹፌርና ጠጠር የጫነ ሹፌር አንድ አይነት አይነዱም፣ ይሄን ከአዳማ አዲስ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንደዛም ሆኖ ማንም ማንንም አላሳመነም። ፒካርድ ቦርግ ከሚባሉት ጠላቶች ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ 18 ሰው ካጣ በኋላ ኪው የሚባለውን ኃያል ፍጡር አልችልም፣ አድነኝ ብሎ ሲጠይቅ ያለውን ሲን አንዱ "ውርደት" አለው፣ ሌላው "ትልቁ ድፍረት እሱ ነው" አለ፣ እና ተለያየን። እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልም ላይ ያለው የኪርክ አባት ብቻ ነው ሁሉንም ያስማማው፣ 12 ደቂቃ ካፒቴን ሆኖ 800 ሰው ያተረፈው። ለምን እንዳስማማ ግልጽ ነው፣ ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ቆሞ ሞቷል። ሞት ካለበት ክርክር የለም። ይሄ እኔን ትንሽ አስጨነቀኝ።

ክርክሩ አገር ቤት ሲገባ

በሦስተኛው ሳምንት ቲቸር አድዋን አነሳ፣ ከጣሊያን በኩል። ጄኔራል ባራቲየሪ ስንቁ እያለቀ ነበር፣ ማፈግፈግ እንዳለበትም ገብቶታል። ግን ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ይሄ ጦርነት ሳይሆን ወታደራዊ የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚል ስድብ የመሰለ ቴሌግራም ልኮበታል። የጦር አዛዦቹን ሰብስቦ ወደ ኋላ እንመለስ ወይ ሲላቸው ማፈግፈግ ውርደት ነው፣ እንግጠም አሉት። ገጠመ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ታውቁታላችሁ። የእኛም ሰራዊት ስንቅ እየጨረሰ ነበር፣ ሰውየው ትንሽ ቀን ቢታገስ ወይ ቢመለስ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። "ባራቲየሪ ምኒልክን ፈርቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር" አለ ቲቸር፣ "እሱ ግን የፈራው ፈሪ መባልን ነው።"

ክፍሏ ጸጥ አለች። ይሄ አባባል ነው ቆይቶ የጠቀመን። ግን እዛ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር፣ አልቆመም፣ ስራ ፈላጊው ልጅ "እሺ ጃንሆይስ?" አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ከተሸነፈ በኋላ፣ ንጉሡ ከአዲስ አበባ በባቡር መውጣታቸው ሽሽት ነው ወይስ ማፈግፈግ? አንዱ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን ጠጣ አለ፣ ሌላው ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ባይኖር ጉዳያችንን ማን ያነሳልን ነበር አለ፣ ሌላው እነ ደጃዝማች ታከለ ወልደሐዋርያት እንኳን ንጉሡ አይውጡ ብለው ተከራክረዋል አለ፣ ሌላው አርበኛው ዱር ገብቶ አምስት ዓመት ሲዋጋ አለ፣ ከዛ የማን አያት የት እንደነበር ተጀመረ፣ ከዛ የዘንድሮ ፖለቲካ ገባ፣ ከዛ ስራ ፈላጊው ልጅ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። አንድ የአምቦ ጠርሙስ ተሰበረ። ልጁ እስከዛሬ አልተመለሰም። እሱን ደውዬ ሁለት ጊዜ ለምኜዋለሁ፣ አይሆንም።

ስለዚህ ይሄን ሙከራ እንዴት ልመዝግበው? ትልቁን ሀሳብ ያገኘነው እዛ ነው፣ ሰው ያጣነውም እዛ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ካርዱን በፖስታ መድገም

ይሄ ነው የሰራው። ቲቸር ካርድ 14ን እንደገና ጻፈው፣ ሦስት ጀርባ አደረገለት፣ 5፣ 6፣ 7። እያንዳንዱን ብዙ ኮፒ አድርጎ ፖስታ ውስጥ አሸገና በወዘው። ከእኔና ከሱ ውጭ በግሩፑ ላይ የቀሩት አራት ሰዎች፣ እና ካፌው የሚሰራ አንድ አስተናጋጅ ተጨምሮ፣ አምስት ካፒቴን። አንድ በአንድ ብቻቸውን ገቡ፣ ተመልካች የለም። ሲጨርሱ ለምን እንደወሰኑ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ስም የለውም።

የመጀመሪያው ልክ እንደ እሷ አደረገ፣ አራተኛው ዙር ሲያልቅ ሞተር፣ በር ዝግ፣ 16 ሰው። ሁለተኛው ሞተሩ እየሞቀ ሦስተኛውን ምልልስ ላከ፣ ፖስታው ላይ 5 ወጣ፣ ሻትሉ ከነአብራሪው ጠፋ። ሦስተኛው ሁሉንም ሳልይዝ አልሄድም አለ፣ 6 ወጣ፣ ሶደሬም ወንጂም አለቀ። አራተኛው፣ እሱ አስተናጋጁ ነው፣ ሳይፋይ አይቶ የማያውቅ፣ ገና የመጀመሪያው ምልልስ ሲያልቅ ሞተሩን አስነሳና ሁለተኛውን ምልልስ ሞተሩ እየሞቀ አደረገው። በአራተኛው ዙር መጨረሻ 16 ሰው ይዞ ሄደ፣ ጠላት በየትኛውም ዙር ቢመጣ የማይደርስበት። አምስተኛዋ በሬዲዮ ጠላትን ጠርታ እጅ ሰጠች። ደንቡ ላይ እጅ መስጠት የሚባል ነገር የለም፣ ቲቸር እዛው "ተማረካችሁ፣ ሁሉም በህይወት አለ" ብሎ ፈረደላት። 450 ሰው። መጀመሪያ ሳቅን።

ከዛ ሂሳቡን ጠረጴዛ ላይ አወጣነው፣ እኔ ከሁለት ወር በፊት ማድረግ የነበረብኝን። ጋሻው 2 ዙር ይችላል። ጠላት ቀድሞ በ5ኛው ቢመጣ፣ በአራተኛው መጨረሻ የተነሳ ሞተር ሁለት ዙር ተኩስ ውስጥ ሞቆ ይዘላል፣ ለጥቂት። አንድ ዙር ብትዘገይ 412ቱም አለቁ። ማለትም ፈሪ ያልናት ልጅ ያቺን መርከብ ይዛ መቆየት የሚቻልበት የመጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ቆይታለች። አንድ ዙር አታጎድልም፣ አንድ ዙር አትጨምርም። ሦስተኛው ምልልስ ደግሞ የሚሳካው 7 ከወጣ ብቻ ነው፣ ከሦስት አንዴ። እኛ ግን ጀርባውን አይተን ነበር የፈረድንባት፣ እሷ ያላየችውን።

እሷ ላይ ሊነሳ የሚገባው እውነተኛ ትችት አስተናጋጁ ያደረገው ነው፣ ሞተሩን ቀደም ብሎ ማስነሳት። ያን ትችት ከስድስታችን አንዳችንም አላነሳነውም። "ፈሪ" ካልን በኋላ ሌላ ምን ይነሳል፣ አለቀ።

ወረቀቶቹም ተነበቡ። ሻትሉን ያጣው ሰው "ሁላችሁም ያኔ ሦስተኛው ይሂድ ስላላችሁ" ብሎ ጽፏል። ሁሉንም ያስፈጀው ደግሞ "ፈሪ ከምባል ብዬ" ብሎ ጽፏል። ተመልካች በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ስም በሌለው ወረቀት ላይ። ቲቸር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ "ባራቲየሪ" አለ፣ ሌላ ምንም አላለም።

መካኒኩ በእውነት የተናደደበት ነገር

ሂሳቡ ሲያልቅ መካኒኩ ዝም ብሎ ቆርኪ ሲያገላብጥ ቆየና "ሞተር እየሞቀ በር አይከፈትም የሚል የት ተጽፏል?" አለኝ። አልተጻፈም። እኔ ካርዱን ስጽፍ አላሰብኩበትም። ለሱ ሞተር አስነስቶ በር ከፍቶ መስራት የየቀኑ ስራው ነው። ለእሷ ደግሞ ሞተር ከተነሳ በር ይዘጋል፣ አውቶቡስ ላይ እንደዛ ነው። ሁለቱ የተጣሉት እኔ ባልጻፍኳት አንዲት መስመር ላይ ነው።

ከዛ ዋናውን ነገረን። በሁለተኛው ምልልስ፣ ጨዋታው ላይ፣ በሬዲዮ ወንጂ ላይ ለቀሩት "እመለሳለሁ" ብሏቸው ነበር። የወንጂን ሰዎች ሲጫወት የነበረው ተማሪም "እንጠብቅሃለን" ብሎታል። እውነትም ብሎ ነበር፣ እኔ አስታውሳለሁ። "በሩን ስትዘጋው እኔን ነው ውሸታም ያደረገችኝ" አለ። የፈሪነት ነገር አልነበረም ማለት ነው። ቃል ነበር። ያን ለመናገር ግን በአፉ የመጣለት ስድብ ፈሪ የሚለው ነው፣ እኛም ስድቡን ይዘን ሁለት ወር ሮጥን።

ሰኞ ፋርማሲው ሄደ። ይቅርታ አለ ወይ ብትሉ፣ እኔ እንደሰማሁት የራስ ምታት መድኃኒት ገዝቶ፣ ወረፋው እስኪያልቅ ቆሞ፣ "የሦስተኛው ምልልስ ነገር" ብሎ ነው የጀመረው። እሷ ያለችው ይሄ ነው፣ ራሷ ነች የነገረችኝ፦ "እኔኮ አልፈራሁም ብዬ አላውቅም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ በጣም ነው የፈራሁት። ፈርቼ ግን ቆጠርኩ። ሻትሉ ከጠፋ አብራሪውም እንደሚጠፋ ቆጠርኩ።" ስታር ትሬክ ዲስከቨሪ ላይ ሳሩ የሚባል ገጸ ባህሪ አለ፣ ዘሩ አዳኝ ሲያሳድደው የኖረ፣ ፍርሃት ሲመጣበት ከጭንቅላቱ ኋላ የሆነ ነገር የሚወጣበት፣ መደበቅ እንኳን የማይችል። ቆይቶ ካፒቴን ሆኗል። ያን ስትለኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ለሌላ ግሩፕ የሚሆን ነገር

ወዳጄን በስልክ ያልኩት እዚህ አለ፣ በቅደም ተከተል አይደለም። ሰው ላይ ድምጽ አታሰጡ፣ ውሳኔ ላይ ተከራከሩ። ካፒቴን ከመፈረጁ በፊት ያኔ ምን ያውቅ ነበር የሚለው ወረቀት ላይ ይውጣ፣ የካርዱ ጀርባ ሳይገለበጥ፣ ምክንያቱም ከተገለበጠ በኋላ ሁሉም ሰው አድሚራል ነው። እኛ አሁን ካፒቴኑ ጨዋታው ሳይጀመር "እዚህ ዙር ላይ ከደረስን እሄዳለሁ" ብሎ መስመሩን ይናገራል፣ መስመሩን መቀየር ይችላል ግን ጮክ ብሎ ነው። ይሄ ብቻውን ግማሹን ጭቅጭቅ አጥፍቶታል፣ ሶደሬም እንደዱሮው አትቃጠልም።

ፊልም አሳይቶ ማስታረቅ የሚባለውን ብዙ አልመክርም። ሰው ፊልም ላይ ያለውን ካፒቴን ይቅር ይላል፣ ጎኑ የተቀመጠውን አይልም። የአገር ታሪክ ማምጣት ደግሞ ከባድ መሳሪያ ነው፣ ይመታል፣ ግን አቅጣጫውን ማንም አይቆጣጠረውም፣ የሚመራ ሽማግሌ ከሌለ አይነካ። እኛ ቲቸር እያለም አንድ ሰው አጥተናል። ስቲከሩን የሰራው ልጅ አጥፍቶታል፣ ግን የሌላ ሰው ስልክ ላይ የቀረውን ማን ያጠፋዋል።

አሁን

ካፒቴኗ ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ መጣች። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አልተመለሰችም፣ ካፌው ግን ትመጣለች፣ ሁሌም ባይሆን። እጀታው የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀመጪ ስንላት "ተራዬ ሲደርስ" አለች፣ እስካሁን ሁለት ተራ አሳልፋለች። የመሃንዲስ ቦታ ነው የምትወስደው። ካርድ 14 ላይ ስለ በሩ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፣ ሞተር እየሞቀ በር መክፈት ይቻላል ብዬ። ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ በመካኒኩ ጽሁፍ፣ በግሪስ በቆሸሸ ጣት ጭምር፣ አንድ ደንብ ተጨምሯል፦ "አብራሪ በሬዲዮ እመለሳለሁ ማለት አይችልም። ካፒቴኑን ጠይቄ ነው ይበል።"